አሥራ አንዱ የእታለም እህቶች

ፀጉር ሠሪዋን ሰፈሩ በሙሉ እታለም ይላታል። ስሟ ግን አይደለም። በሩን ገፍታ የገባችውን ሴት ሁሉ፣ የሃያ ዓመቷንም የሰባ ዓመቷንም፣ «ነይ እታለም፣ ቁጭ በይ እታለም፣ ዛሬ ምን እናድርግሽ እታለም» ስትል ስለምትውል ቃሉ ዞሮ ዞሮ ራሷ ላይ ተለጠፈ። መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም የሚያውቁት ቤት አከራይዋ፣ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትና ኋላ ላይ አንድ ዳኛ ብቻ ነበሩ። ሦስቱም በስሟ ሲጠሯት ለደግ አይደለም።

ሱቋ ከመድኃኒት ቤቱና ከልብስ ሰፊው መሐል፣ ፎቅ ሥር ነው። ገባ ሲሉ ሦስት የሚሽከረከር ወንበር፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ አራት የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች፣ ሙቅ ውሃው ደስ ሲለው ብቻ የሚመጣ አንድ መታጠቢያ፣ በፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲ የተሞላ የፕላስቲክ ቅርጫት። ቅዳሜ ቅዳሜ የጥፍር ቀለምና የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ከሐሜቱ ጋር ተደባልቆ እበሩ ላይ ይቀበልዎታል። ሐሜቱ በነጻ ነው። በዚያ ቤት ሕጉ ግብር ያልጣለበት አገልግሎት እሱ ብቻ ነበር፤ እታለም ግን በዚህ ረገድ አድልዎ አታውቅም፣ ሁሉንም እኩል ነበር የምታየው።

በሩ አጠገብ ከትንሿ ጠረጴዛ ኋላ የምትቀመጠው ገንዘብ ተቀባይ ታናሽ እህቷ ናት። የሥጋ እህቷ፣ ያንድ እናት ልጅ። እናታቸው ስትሞት ታናሿ ገና ፊደል አልለየችም ነበር። እታለም ትምህርቷን ጥላ የሰው ፀጉር እያጠበች አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ኋላም እዚያችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ይህን ውለታዋን በቀን አንድ ጊዜ እንኳ አንስታ አታውቅም። ሁለት ሦስቴ ነው የምታነሳው።

ታናሿ ቁጥብ ናት። ቀልድ አይገባትም ይሏታል፤ ይገባታል፣ ግን አያስቃትም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የደረሰኝ ማሽን ዓመቱን ሙሉ ፎጣ ለብሶ ይቀመጣል። እታለም እንደምትለው አቧራ እንዳይገባበት ነው። ታናሿ እንደምትለው ሥራ እንዳይገባበት ነው።

«እቴቴ፣ ደረሰኝ እንቁረጥ» ትላለች በየጠዋቱ።

«እኛ ፀጉር እንቁረጥ። ደረሰኝ የሚቆርጥ ሞልቷል።»

እታለም ሕግ አታከብርም ብሎ ማማት ግን ነውር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ያደፈ ቀሚሷን መርጣ ለብሳ ግብር መሥሪያ ቤት ትሄዳለች። አንዳንዱ ሰው ባለው ይኮራል፤ እታለም እዚያ መስኮት ጋ ስትደርስ ትሑት ትሆናለች። ከአራቱ ካስክ ሦስቱ ተበላሽተዋል ትላለች። ወገቤን ስለሚያመኝ የምሠራው በሳምንት ሦስት ቀን ነው ትላለች። ደንበኛው ሁሉ ጥሎኝ ሄደ ትላለች። ይህንኑ በጽሑፍ አድርጋ፣ ፈርማ፣ ወገቧን ይዛ ትወጣለች። ደረጃውን ስትጨርስ ወገቧ ይሻላታል።

ዓመት ዓመትን እየወለደ ሲሄድ ትሕትናዋም አብሮ አደገ። በመጨረሻው ዓመት ባቀረበችው መግለጫ ከሄድን፣ እታለም ያንን ፀጉር ቤት ከፍታ የምትውለው ለጽድቅ ነው።

እንዲህ ያለ ጽድቅ ደግሞ የመንግሥትን ዓይን መሳቡ አይቀርም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሱቁ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ፣ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። አንዷ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ሌላው ፋይል ያቀፈ ረጅም ሰውዬ።

ሴትዮዋ ዙሪያውን ቃኘች። አራቱም ካስክ ይጮኻል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ጭንቅላት አለ። ሦስቱም ወንበር ተይዟል። መታጠቢያው ላይ አንዷ አንገቷን አስረክባ ዓይኗን ጨፍናለች። አግዳሚው ላይ ሦስት ሴቶች ቢጉዲያቸውን እንደተጠቀለሉ ተራ ይጠብቃሉ።

«ከግብር መሥሪያ ቤት ነን» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ዛሬ ሥራ ጥሩ ነው መሰለኝ።»

እዚህ ላይ እታለም አንዲት «አዎ» ብትል፣ መቀጫ ትከፍል፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታማርር ትሰነብት፣ ነገሩም ያበቃ ነበር።

«ሥራ?» አለች ማበጠሪያዋን እንደያዘች። «ከየት መጥቶ! ዘመዶቼ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«እህቶቼ ናቸው።»

ሴትዮዋ እንደገና ቆጠረች። «አሥራ አንድ እህት?»

«እናቴ ነፍሷን ይማረውና ወላድ ነበረች።»

«ጥሩ ነው። ታዲያ አሥራ አንዱም ባንድ ቀን ፀጉራቸውን ሊሠሩ መጡ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እታለም አፋፉ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችና ዘለለች።

«ሐዘን ላይ ነን» አለች። «አጎታችን አርፎ።»

መታጠቢያው ላይ ያለችው ሴት ሳቋን ለማፈን ስትታገል ውሃ ትን አላት። አግዳሚው ላይ ጥፍሯን ደማቅ ቀይ አስቀብታ የምታደርቀው ዳቦ ሻጭ እጆቿን ቀስ ብላ ፎጣ ሥር ከተተች። ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች ተያዩ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሰውዬው። ከዚያም ፋይሉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ጀመረ።

እያንዳንዷ ሴት «ደንበኛ ነኝ» ብትል የሚነካት አልነበረም። ነገር ግን የእታለም ቤት ሴቶች ደጎች ናቸው፤ ደግነት ደግሞ በሌላ ሰው ላይ የሚያስፈርድ ሲሆን ወጪ የለውም። መጀመሪያ የተጠየቁት ጡረተኛዋ መምህርት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥነ ምግባር ያስተማሩ፣ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ ሴት ናቸው። ግማሹ ቀለም የተቀባ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው «የእናቷ ታናሽ እህት ነኝ» አሉ።

«እህቶቼ ናቸው ብላለች እኮ» አለ ሰውዬው።

«የእናት እህት እህት አይደለችም እንዴ?» አለች እታለም፣ በጣም ተከፍታ።

መምህርቷ ከዋሹ ማን ይመለሳል! ዳቦ ሻጯ የአባቷ ልጅ ሆነች። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ የአጎቷ ልጅ ነኝ ብላ «የሟቹ?» ስትባል ደነገጠችና አለቀሰች፤ በእታለም ወገን ይህ ታላቅ ድል ነበር። ካስክ ውስጥ ያለችው የባንክ ሠራተኛ ግን ምንም አልሰማችም። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ «እርስዎስ ምኗ ነዎት?» ሲላት «ኧረ ፈጀኝ፣ ቀንሱልኝ!» ብላ ጮኸች። ደግሞ ሲጠይቃት፣ አጠገቧ ያለችው በከንፈሯ የጠቆመቻትን እንደመሰላት አነበበችና «እናቷ ነኝ» አለች። ከእታለም በዐሥር ዓመት ታንሳለች። ሰውዬው እንደተባለ ጻፈው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ስለ ሟቹም ተጠየቀ። አንዷ ስኳር ነው የገደለው አለች። አንዷ መኪና ገጭቶት ነው አለች። የልብስ ሰፊው ሚስት የዋህ ናትና «ኧረ ገና ሆስፒታል ነው፣ ተስፋ አለው ብለዋል» አለች።

«እሺ» አለች ተቆጣጣሪዋ በመጨረሻ። «ስለዚህ ዛሬ አንድም ደንበኛ አልመጣም ማለት ነው?»

አንድም ደንበኛ አልመጣም ማለት ትንሽ እንደሚበዛ ለእታለም ራሷ ተሰማት። ወጥ ውሸት ያስነቃል፤ ጥቂት እውነት ጣል ሲደረግበት ያምራል። ዙሪያውን ተመለከተች። በቤቱ ውስጥ ገና ዘመድ ያልተባለች አንዲት ሰው ነበረች።

«እሷ ብቻ ናት ደንበኛ» አለች፣ ከጠረጴዛው ኋላ ወደ ቆመችው ታናሽ እህቷ በማበጠሪያዋ እየጠቆመች።

ታናሿ ፎጣውን ከማሽኑ ላይ ገፈፈች፤ ላልታጠበውና ማንም ላልነካው የራሷ ፀጉር ደረሰኝ ቆረጠች፤ ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈለች፤ ደረሰኟን አጥፋ ይዛ ወጣች። ተቆጣጣሪዋ በአድናቆት በዓይኗ ተከተለቻት። በዚያ ቤት በሕግ የተሸጠ ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ማምሻውን ቤት ሲገናኙ እታለም ነገሩን በሳቅ ልታልፈው ሞከረች። «አየሽው ሰውዬውን? ነፍስ ይማር ሲለኝ እኮ ልፈነዳ!»

ታናሿ ልብስ ታጣጥፋለች። «አሥራ አንድ እህት ስትቆጥሪ እኔ ጋ ሳትደርሺ ቀረሽ።»

«ምን ልበል ታዲያ? አንቺማ የታወቅሽ ነሽ!»

«ማ ነው የሚያውቀኝ?»

እታለም ውለታዋን አነሳች። ፀጉር እያጠበች እንዴት እንዳሳደገቻት፣ ለጫማዋ ብላ እንዴት በባዶ ሆዷ እንደዋለች። ሁሉም እውነት ነበር። ታናሿ ሰምታ ሰምታ መብራቱን አጥፍታ ተኛች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ በቀር ማውራት ተዉ።

ሰፈሩ ግን ተዝናና። ሴቶቹ ሲገቡ «አጎትሽን ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ እታለም «ያኑርሽ» ትላለች። ዳቦ ሻጯ ሟቹን በመልክ እስክታውቀው ድረስ ተወራ። ረጅም ነበር፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ቁማር ይወድ ነበር። እንዲህ ሲሰነብት እታለም ራሷ አጎቷን ትንሽ ትንሽ መናፈቅ ሳትጀምር አልቀረችም።

በዚሁ መሐል ተቆጣጣሪዋ ቢሮ አስጠራቻት። በሩን ዘግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነጋገረቻት።

«ይስሙኝ፣ ወይዘሮ። የቅዳሜውን ቃልዎን ዛሬ ካረሙት የጎደለውን ግብርና መቀጫውን መስኮት ላይ ከፍለው ከምሳ በፊት ቤትዎ ይገባሉ። ካላረሙት ግን ከእኔ እጅ ይወጣል። ለግብር መሥሪያ ቤት አሳሳች መረጃ መስጠት ወንጀል ነው። ፍርድ ቤት ነው የሚያስኬደው።»

እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወት ስንት ጊዜ ይገኛል? እታለም ግን አሰበች። አሁን «ዋሽቻለሁ» ብትል መምህርቷ ምን ይባላሉ? ያቺ ምስኪን ያለቀሰችውስ? ሰፈሩስ ምን ይላል? ሰው ለክብሩ ነው የሚኖረው።

«የአጎቴን ሞት ልካድ?» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ነጭ ወረቀት ገፋ አደረገችላት። እታለም ሁሉም ዘመዶቼ ናቸው፣ አጎቴም ሞቷል ብላ በራሷ እጅ ጻፈችና ፈረመችበት። ስትወጣ ቀና ብላ ነበር የምትሄደው።

ክሱ ሲመጣላት የያዘችው ጠበቃ ሰፊ ክራባት የሚያደርግ፣ ሲያወራ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። «ይቺን? ይቺን በአንድ ቀጠሮ ነው የምንጨርሳት» ብሎ ግማሽ ክፍያውን ተቀበለ። ቃሉን ጠብቋል፤ ሌላው ቀጠሮ ሁሉ የተላለፈ ስለሆነ አይቆጠርም።

ችሎቱ መስኮቱ የማይዘጋ፣ ከመንገድ የመኪና ጡሩምባ የሚገባበት ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛው ራሰ በራ ነበሩ። እታለም ገና ስታያቸው ልቧ ተሰበረ። ሠላሳ ዓመት ሰውን በፀጉሩ በኩል ስትለማመጥ ኖራ፣ እኒህን በየት በኩል ትያዛቸው? ዐቃቤ ሕጓ ደግሞ ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉሯን የተሠራችው ሌላ ቤት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«አቃጥለውባታል» አለች እታለም ለጠበቃዋ በሹክሹክታ።

«ዝም ይበሉ።»

ዐቃቤ ሕጓ ዘመዶቹን አንድ በአንድ ለምስክርነት ጠራች። መምህርቷ ቃለ መሐላ ፈጽመው ቆሙ።

«ተከሳሿ ምንዎ ናት?»

«እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «መምህርት፣ ምንድን ነበር የሚያስተምሩት?»

«ሥነ ምግባር፣ ክቡር ዳኛ።»

የመንገዱ ጡሩምባ እንኳ የተወ መሰለ። መምህርቷ «ደንበኛዋ ነኝ» አሉ፣ እንዳጠፋ ተማሪ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ በኋላ ዝምድናው እንደ አሮጌ አጥር ተግተልትሎ ወደቀ። ዳቦ ሻጯ አባቷ ሌላ ልጅ እንደሌለው ድንገት ትዝ አላት። የልብስ ሰፊው ሚስት ሟቹ ተሽሎት እንደሆነ ስትጠየቅ «እኔ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነበር የማወራው» አለች። የባንክ ሠራተኛዋ ተራ ሲደርስ ዐቃቤ ሕጓ ቃለ ጉባኤውን አነበበች።

«ተከሳሿን ወልደዋታል?»

«ካስክ ውስጥ ነበርኩ» አለች ልጅቷ።

«መልሱ ይመዝገብ» አሉ ዳኛው።

መጨረሻ ላይ ዐቃቤ ሕጓ «የዕለቱን ደንበኛ» አስጠራች። ታናሽ እህቷ ስትገባ ጠበቃው እጁን አፋተገ። የሥጋ ዘመድ ናት፣ ትረዳናለች ብሎ ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚለውን ሕግ ትምህርት ቤት አላስተማሩትም።

«በዚያን ቀን በፀጉር ቤቱ የተገኙት ብቸኛ ደንበኛ እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች ታናሿ። «አሥራ አንዱ ደንበኞች ናቸው። እህቷ እኔ ነኝ። እናታችን የወለደችው ሁለት ነው፣ እሷንና እኔን።»

«ሞተ ስለተባለው አጎት የሚያውቁት አለ?»

«እናታችን ወንድም የላትም። አባታችንም የለውም።»

«ይህን የሚመሰክሩት ተገደው ነው?» አለ ጠበቃው ብድግ ብሎ። «ከእህትዎ ጋር ጠብ አለዎት?»

ታናሿ ወደ እታለም አየች። «ጠብ የለንም። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንዲያው ሰው ፊት እህቴ ናት ብትለኝ ብዬ ነው እንጂ።»

እታለም ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ጠበቃው ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። ጥፋተኛ መባሏ ብዙ ጊዜ አልወሰደም።

ቅጣት የሚወሰንበት ቀን ከእሷ በፊት አንድ ዕቃ አስመጪ ቀረበ። መርከብ ሙሉ ዕቃ በሐሰተኛ ደረሰኝ ያስገባ ሰው ነው፤ ሦስት ጠበቃ ይዞ፣ በከዘራ ተደግፎ መጣ። ጠበቆቹ የደም ግፊቱን፣ የልብ ሕመሙን፣ ለሰፈሩ ያሠራውን መናፈሻ፣ ገና ክሱ ሳይከፈት የከፈለውን ገንዘብ ተራ በተራ እያነሱ አስመዘገቡ። የሰማ ሁሉ ይህ ሰው እንዴት እስከዛሬ ሐውልት እንዳልቆመለት ሊገርመው ይችላል። ሁለት ዓመት ተፈረደበትና በገደብ ተለቀቀ። ሲወጣ ከዘራውን ረስቶ ሄደ፤ ፖሊሱ ሮጦ ሰጠው።

እታለም ይህን አይታ ልቧ ሞላ። እሱ በመርከብ ገደብ ካገኘ፣ እሷ በቢጉዲ ምን ልትባል ነው!

ዐቃቤ ሕጓ ቅጣቱ ይክበድ አለች፤ ድርጊቱ ከብዙ ሰው ጋር በመተባበር የተፈጸመ ነው፣ የመታረም ዕድል ተሰጥቷትም በጽሑፍ ደግማዋለች። የእታለም ጠበቃ ዓይኑን ጨፍኖ ማቅለያውን ይዘረዝር ገባ። ከዚህ በፊት ተከሳ አታውቅም። ወገቧን ያማታል። «ከሁሉም በላይ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሿ የብዙ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነች።»

ዳኛው ከፋይሉ ቀና አሉ። «ጠበቃ፣ ቤተሰቡን ትንሽ ቢያሳንሱት አይሻልም?»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና እታለምን የምትለው ካለ ጠየቋት። ተነሳች። ያን ሁሉ ጊዜ ስታጠናው የከረመችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ድካሟ፣ ስለ እጇ የኬሚካል ቁስል፣ ስለ አስመጪውም ጭምር። ግን አፏ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

«አጎት ኖሮኝ አያውቅም» አለች።

«ይህንን ባለፈው ዓመት ነግረውን ቢሆን ኖሮ» አሉ ዳኛው፣ ሳይቆጡ፣ እንዲያውም በሐዘኔታ፣ «ዛሬ ሁላችንም ሌላ ሥራ ላይ ነበርን። ይኸውልዎት። የጎደለው ግብር ትንሽ ነው፤ እሱን በገንዘብ ይከፍላሉ። ሰው ገቢውን ሲያሳንስ ሕጉ ያውቀዋል፣ ጠብቆም መቀጫ አዘጋጅቶለታል። እርስዎ ግን አርሙ ሲባሉ እንደገና ፈረሙ። ቅጣቱ ለግብሩ አይደለም። ለአጎትዎ ነው።»

የገንዘብ መቀጮና ስድስት ወር እሥራት ፈረዱባት። ገደብ የለውም። አሥራ አንዱን ሴቶች ደግሞ አስነስተው ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዝምድና ውስጥ እንዳይገቡ ገሠጿቸው። ዳቦ ሻጯ እስከዛሬ «እኔና ዳኛው ፊት ለፊት ተነጋግረን» እያለች ታወራዋለች።

ፖሊሷ እጇን ስትይዛት እታለም ዞር ብላ ያየችው አንድ ሰው ብቻ ነው። ታናሿ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ታለቅስ ነበር። እታለም ልትሰድባት ስንት ሌሊት ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ አንዱም አልመጣላትም። «የሱቁን ቁልፍ አከራይዋ ጋ ነው ያስቀመጥኩት» አለቻት ብቻ።

የመጀመሪያው የጠያቂ ቀን እሑድ ነበር። አሥራ አንዱም ሴቶች ሳሙናና ፍራፍሬ በየፌስታሉ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል ቢባልም፣ እነዚህስ ለወደቀው ግንድ ያዘኑ ናቸው። በር ጠባቂዋ መዝገቧን ገልጣ «የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው» አለች። «ምኗ ናችሁ?»

መምህርቷ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ዳቦ ሻጯ ሰማዩን አየች።

«ምኗ ናችሁ እኮ ነው የምላችሁ!»

«ደንበኞች ነን» አሉ መምህርቷ፣ በጣም በቀስታ።

«ደንበኛ አይገባም።»

ታናሿ ከኋላ መጥታ መታወቂያዋን አሳየች። በር ጠባቂዋ የእናታቸውን ስም አመሳክራ አስገባቻት። አሥራ አንዱንም ፌስታል እየተቀባበለች ያስገባችው እሷ ናት፤ እጇ ቀልቶ ነበር።

በሽቦው በኩል ተያዩ። እታለም ከስታለች፤ ፀጉሯን በመሐረብ ሸብ አድርጋዋለች።

«አስፈረድሽብኝ» አለች።

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እሱ እኮ ነው ያስፈረደብኝ።»

አጠገባቸው አንዲት እናት የልጇን ጣት በሽቦው ቀዳዳ ትነካለች። እታለም ይቅርታ የሚባለውን ቃል ከሌሎች ሰዎች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ በራሷ አፍ ግን ሞክራው አታውቅም።

«ያን ቀን... የከፈልሽውን ገንዘብ ልመልስልሽ።»

ታናሿ ትኩር ብላ አየቻት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለች።

ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። እታለም ታናሿ ስትስቅ ካየች ዘመን ስለሆናት መጀመሪያ ያመማት መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ሁለቱም በሽቦው ተንጠልጥለው እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ ጠባቂዋ መጥታ «ምን ነካችሁ፣ እዚህ እኮ እስር ቤት ነው» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ታናሿ አንድም እሑድ አልቀረችም። የምትነግራት የሱቁን ወሬ ነው። ከካስኮቹ አንዱ እውነትም ተበላሸ። መምህርቷ በኀፍረት ለብዙ ሳምንት ጠፍተው፣ ኋላ ሽበታቸው ሲያስጨንቃቸው መጡ። ማሽኑ ደረሰኝ መቁረጥ ከጀመረ ወዲህ አንዳንዶቹ «ዋጋው ተወደደ» ብለው ቀርተዋል፤ ሳሙና ይዘው ከተሰለፉት አንዷም ከእነሱ ጋር ናት። እታለም ይህን ስትሰማ ትናደዳለች፣ ምክር ትሰጣለች፣ ታናሿም በትዕግሥት አዳምጣ የራሷን ታደርጋለች።

ስትፈታ ሱቁ ቀለም ተቀብቶ አገኘችው። ንግድ ፈቃዱ በታናሿ ስም ሆኗል፤ እታለም ተቀጣሪ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ሊዋጥላት አልቻለም። ፎጣ አጣጥፋ ትቆጥራለች፣ ወንበር ታንቀሳቅሳለች፣ «በእኔ ጊዜ» እያለች ታወራለች። እጇ ግን እጇ ነው፤ ሴቶቹ የሚሰለፉት ለእሷ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ታናሿ ደመወዟን በፖስታ ሰጠቻትና የምትፈርምበትን የደመወዝ ሰነድ አስጠጋችላት። እታለም መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን መስመር አነበበች።

«ይቺ የተቀነሰችው ምንድን ናት?»

«የሥራ ግብር።»

«ከእኔ ላይ?»

«ካንቺ ላይ።»

እታለም ከሰነዱ ወደ እህቷ፣ ከእህቷ ወደ ሰነዱ አየች። ሦስት ሴቶች ከካስክ ሥር ጆሯቸውን ለማውጣት እየሞከሩ ነው። ብዙ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

«እስክርቢቶ አምጪ» አለች። ፈረመችና ፖስታውን ጡቷ ሥር ከተተች፤ ተራዋ የደረሰውን ሴት ወደ መታጠቢያው ወሰደቻትና ውሃውን በክንዷ ለካችው። ቀዝቃዛ ነበር። «ትንሽ ታገሺ» አለቻት፣ «ይመጣል።»